የአንድ ደቂቃ ቀረጻ ስንት ያወጣል?

ካሜራማኑ ድካሙን ሲሸጥ መብቱን እየመረቀ፣ ድርጅቱም የማያስፈልገውን እየገዛ የሚያስፈልገውን ሳይዝ የሚለያዩበት ገበያ

ቡና በኪሎ፣ ጤፍ በኩንታል፣ ቆርቆሮ በቁጥር ይሸጣል። የከተማ ቦታ እንኳ በካሬ ሜትር ተሰልቶ ለጨረታ ይቀርባል። የቪዲዮ ቀረጻ ግን ደቂቃው ቢቆጠርም ዋጋው ከደቂቃው ጋር አይሄድም። ለሁለት ሰዓት የተቀረጸ የምረቃ በዓል ከበዓሉ ማግስት ጀምሮ ፈላጊ ላይኖረው ይችላል። 26 ሰከንድ ብቻ የምትረዝም አንዲት ፊልም ደግሞ 16 ሚሊዮን ዶላር አውጥታለች። ይህን የሚያህል ልዩነት ከየት መጣ? ጥያቄው በአዲስ አበባ ካሜራ ይዞ ለሚያድረው ባለሙያም ሆነ ቀረጻ ለሚገዛው ድርጅት የገንዘብ ጥያቄ ነው።

እንደሚታወቀው ባንኮች፣ የኢንሹራንስ ኩባንያዎች፣ የቢራ ፋብሪካዎች፣ ቤት አልሚዎችና ላኪዎች ለምሥረታ በዓላቸው፣ ለባለአክሲዮኖች ጉባዔያቸው፣ ለማስታወቂያቸውና ለማኅበራዊ መገናኛ ገጾቻቸው ቀረጻ ይፈልጋሉ። ብዙዎቹ የራሳቸው ካሜራና ባለሙያ ስለሌላቸው ሥራውን በግላቸው ለሚሠሩ ካሜራማኖች ወይም ለአነስተኛ ፕሮዳክሽን ቤቶች ይሰጣሉ። የዋጋው ንግግር አጭር ነው። ድርጅቱ "በቀን ስንት ነው?" ይላል፤ ካሜራማኑ አንድ ቁጥር ይጠራል፤ ድርጅቱ "ትንሽ ቀንስ እንጂ" ይላል፤ በስልክ ተስማምተው ሥራው ይጀመራል። ሥራው ሲያልቅ የተቀነባበረው ፊልም ብቻ ሳይሆን ጥሬው ቀረጻ ሁሉ በሃርድ ዲስክ ተገልብጦ ይሰጣል።

ጠቡ የሚመጣው ቆይቶ ነው። ለባለአክሲዮኖች ጉባዔ ተብሎ የተቀረጸው ምስል ከስድስት ወር በኋላ በቴሌቪዥን ማስታወቂያ ውስጥ ብቅ ይላል። ወይም ካሜራማኑ ያንኑ የቡና ማሳ ምስል ለተፎካካሪ ላኪ ሸጦት ይገኛል። ያኔ አንዱ "የኔ ነው" ይላል፣ ሌላው "ከፍዬበታለሁ" ይላል። ሁለቱም ከልባቸው ነው፤ ምን እንደተሸጠ ቀድሞ የጻፈ የለምና።

ሁለት ዕቃ በአንድ ደረሰኝ

ካሜራማን ለድርጅት የሚያቀርበው ዕቃ አንድ ሳይሆን ሁለት ነው። አንደኛው ድካሙ ነው፦ ቀኑ፣ ካሜራው፣ መብራቱ፣ ረዳቱ፣ መጓጓዣው። ይህ በቀን ሒሳብ ቢከፈል ያስኬዳል። ሁለተኛው በምስሉ የመጠቀም ፈቃድ ነው። እዚህ ላይ ፈቃድ ሲባል ከንግድ ቢሮ የሚወጣው የንግድ ፈቃድ ሳይሆን፣ የምስሉ ባለመብት ለሌላ ሰው "በዚህ መልክ፣ እስከዚህ ጊዜ ተጠቀምበት" ብሎ የሚሰጠው መብት ነው።

የከተማ ቦታ ሊዝን የሚያውቅ ነጋዴ ይህን ለመረዳት አይቸገርም። በሊዝ የተያዘ ቦታ ዘመን አለው፣ የአገልግሎት ዓይነት አለው፣ ለሦስተኛ ወገን የሚተላለፍበት ሁኔታም ተጽፏል። ለመኖሪያ የተሰጠ ቦታ ላይ ሆቴል ልሥራ የሚል ሰው መጀመሪያ ውሉን ማስቀየር አለበት። የቀረጻ ፈቃድም እንዲሁ ነው። ለስብሰባ አዳራሽ የተሰጠ ፈቃድ ለአደባባይ ማስታወቂያ ሰሌዳ አይሆንም። በአዲስ አበባ ገበያ ግን ሁለቱ ዕቃዎች በአንድ የቀን ዋጋ ታስረው ስለሚሸጡ፣ ሁለተኛው ብዙውን ጊዜ እንደ ምርቃት ያልፋል።

ዝም ያለ ውል ለማን ያደላል?

የኢትዮጵያ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 የወጣው በ1996 ዓ.ም. ሲሆን፣ በ2007 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 872 ተሻሽሏል። አዋጁ የሥራን የመጀመሪያ ባለቤትነት ለአመንጪው ይሰጣል። ይሁን እንጂ ለገበያው እጅግ አስፈላጊ የሆነ ልዩ ሁኔታ አለው። ተቀጥሮ ወይም ታዝዞ የተሠራ ሥራ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ የኢኮኖሚ መብቱ የአሠሪው ወይም የአዛዡ ነው።

ይህ አንድ ዓረፍተ ነገር የብዙ ብር ጉዳይ ነው። ድርጅት አዝዞት ፋብሪካ ሄዶ የቀረጸ ካሜራማን በውሉ ላይ ምንም ካልጻፈ፣ ሕጉ ወደ ድርጅቱ ያደላል። በተቃራኒው ካሜራማኑ በራሱ ወጪና በራሱ ተነሳሽነት ቀርጾ ያስቀመጠው ምስል የራሱ ነው፤ ድርጅቱ ሊጠቀምበት ከፈለገ መፈቀድ አለበት። እንግዲህ "ታዝዤ ነው ወይስ ከመዝገቤ አውጥቼ ነው የምሰጠው?" የሚለው ጥያቄ ከዋጋው ጥያቄ መቅደም ይኖርበታል።

በዋሽንግተንና በአካባቢዋ የሚሠሩ ኢትዮጵያውያን ካሜራማኖች ደግሞ ነገሩ ይገለበጥባቸዋል። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1989 ሬይድ የተባለ የቅርጻ ቅርጽ ባለሙያን ጉዳይ ሲወስን፣ ተቀጣሪ ያልሆነ የግል ባለሙያ የሠራው ሥራ ስለታዘዘ ብቻ የአዛዡ እንደማይሆን አረጋግጧል። በዚያ አገር ሕግ የታዘዘ ሥራ ከመነሻው የአዛዡ የሚሆነው በሕጉ ከተዘረዘሩት የሥራ ዓይነቶች አንዱ ሆኖ ሁለቱ ወገኖች በጽሑፍ ሲስማሙ ነው። ስለዚህ ዝም ያለ ውል በአሜሪካ ለባለሙያው፣ በኢትዮጵያ ለአዛዡ ያደላል። ከአዲስ አበባ ሆኖ ለውጭ ኩባንያ የሚቀርጽ ባለሙያ የትኛው አገር ሕግ እንደሚገዛው በውሉ ላይ ማስፈር ያለበት ለዚህ ነው።

ከ150 ሺህ ዶላር እስከ 16 ሚሊዮን

ፈቃድን ከፋፍሎ ስለመሸጥ ከሚነገሩት ሁሉ የላቀው ምሳሌ የአብርሃም ዛፕሩደር ፊልም ነው። ዛፕሩደር በዳላስ ከተማ የልብስ አምራች ነጋዴ እንጂ የፊልም ባለሙያ አልነበረም። እ.ኤ.አ. ኅዳር 22 ቀን 1963 ፕሬዚዳንት ኬኔዲ ሲገደሉ በ8 ሚሊሜትር ካሜራው 26 ሰከንድ ያህል ቀረጸ። በማግስቱ ላይፍ መጽሔት የኅትመት መብቱን ብቻ በ50 ሺህ ዶላር ገዛው። ከሁለት ቀን በኋላ ደግሞ ተንቀሳቃሹን ፊልም ጨምሮ መብቱን ሁሉ ለመውሰድ ጠቅላላ ዋጋው 150 ሺህ ዶላር እንዲሆን ተስማሙ፤ ክፍያውም በየዓመቱ 25 ሺህ ዶላር ሆኖ በስድስት ጊዜ የሚጠናቀቅ ነበር።

ነጋዴው መጀመሪያ የሸጠው አንዱን መብት ነው። ገዢው ሌላውን ሲፈልግ ዋጋው በሦስት እጥፍ አደገ። ሁሉንም በመጀመሪያው ቀን በ50 ሺህ ሰጥቶ ቢሆን ኖሮ የሚጨመር ነገር ባልኖረ ነበር። ከዋጋው ሌላ፣ ምስሉ ክብር በሚነካ መንገድ እንዳይወጣ ሲል አስጠንቅቆ ነበር የሸጠው።

እ.ኤ.አ. በ1975 የመጽሔቱ ባለቤት ኩባንያ ፊልሙን ለቤተሰቡ በ1 ዶላር መለሰለት። በኋላም የአሜሪካ መንግሥት ዋናውን ፊልም ለሕዝብ መዝገብነት ስለፈለገው እ.ኤ.አ. በ1998 ወሰደው፤ ካሳውን የመረመሩት ሦስት የግልግል ዳኞችም በ1999 በአብላጫ ድምፅ 16 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፈል ወሰኑ። የሚያስገርመው መንግሥት ይህን ሁሉ የከፈለው ለዕቃው፣ ማለትም ለፊልሙ ጥቅል ብቻ መሆኑ ነው። የቅጂ መብቱ ከቤተሰቡ ጋር ቀርቶ፣ በዚያው ዓመት መጨረሻ በዳላስ ለሚገኝ ሙዚየም በስጦታ ተላልፏል። ዕቃውና መብቱ ሁለት ናቸው የሚባለው ይህን ነው። ሃርድ ዲስክ ማስረከብ መብት ማስረከብ እንዳይመስል ውሉ ሊናገር ይገባል።

ፈቃድ ተቀባዩ ወሰኑን ሲያልፍ ምን እንደሚከተል ደግሞ የሎስ አንጀለሱ ኒውስ ሰርቪስ ታሪክ ያሳያል። ይህ አነስተኛ የግል ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1992 በሎስ አንጀለስ ሁከት ወቅት አንድ የጭነት መኪና ሹፌር ሲደበደብ ከሄሊኮፕተር ላይ ቀረጸ። አንድ የአካባቢው የቴሌቪዥን ጣቢያ ፈቃድ ጠይቆ ሲከለከል፣ ምስሉን ከሌላ ምንጭ አግኝቶ አስተላለፈ። ነገሩ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤትም በ1997 "ዜና ስለሆነ ይፈቀድልኛል" የሚለው መከላከያ ያለ ሙሉ ክርክር ጉዳዩን እንደማይዘጋው ወሰነ። በሌላ ክስ ደግሞ ኤንቢሲ በሕጋዊ ፈቃድ ያሳየውን ቀረጻ ቪስኒውስ የተባለው የዜና ምስል ወኪል ቀድቶ ወደ አውሮፓ በማሰራጨቱ 60 ሺህ ዶላር ካሳ ተወሰነ። ኤንቢሲ ተፈቅዶለታል፤ ከኤንቢሲ የተቀበለው ግን አልተፈቀደለትም። በአዲስ አበባም ለእናት ኩባንያ የተሰጠ ቀረጻ በእህት ኩባንያዎች ሁሉ መዞሩ የተለመደ ነውና፣ ምሳሌው ሩቅ አይደለም።

ቪስኒውስ ለኢትዮጵያም እንግዳ ስም አይደለም። የናይሮቢው ካሜራማን መሐመድ አሚን በ1977ቱ ረሃብ ጊዜ በኮረምና በመቀሌ የቀረጸው ምስል በቢቢሲ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 23 ቀን 1984 ከታየ በኋላ በቪስኒውስ በኩል ለዓለም ጣቢያዎች ተዳርሷል። አሚን እ.ኤ.አ. በኅዳር 1996 ኮሞሮስ አጠገብ በወደቀው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ሕይወቱ አልፏል፤ ምስሉ ግን እስከ ዛሬ በዘጋቢ ፊልሞች ውስጥ ይታያል። ቀረጻ እንደ እህል ተበልቶ አያልቅም፤ የአንድ ሳምንት ሥራ ለአርባ ዓመት ሊሸጥ ይችላል። የመብት ጥያቄ ክብደቱም ከዚህ የመጣ ነው።

ወለልና ጣሪያ

ለመሆኑ ዋጋው በምን ይሰላል? እንደ ማንኛውም ዕቃ ቀረጻም ወለልና ጣሪያ አለው። ወለሉ የሻጩ ወጪ ነው። ጣሪያው ደግሞ ገዢው ያንኑ ምስል በሌላ መንገድ ለማግኘት የሚያወጣው ገንዘብ ነው።

ከወለሉ እንጀምር። የሚከተሉት ቁጥሮች ለስሌት የተወሰዱ እንጂ የገበያ ዋጋ አይደሉም። አንድ ካሜራማን 600 ሺህ ብር የሚያወጣ መሣሪያ አለው፣ መሣሪያው ሦስት ዓመት ያገለግላል፣ በዓመት የሚከፈልበት የሥራ ቀንም 100 ነው እንበል። የመሣሪያው የቀን ድርሻ 2,000 ብር ይሆናል። የቢሮ ኪራይ፣ ስልክ፣ ኢንተርኔትና ልዩ ልዩ ወጪ በዓመት 240 ሺህ ብር ቢሆን በቀን 2,400 ብር ነው። ለኑሮው በዓመት 480 ሺህ ብር ቢያስብ በቀን 4,800 ብር ይደርሳል። ድምሩ በቀን 9,200 ብር ነው። ሁለት ቀን የሚቀረጽና አንድ ቀን የሚቀነባበር ሥራ 27,600 ብር፣ ለረዳትና ለመጓጓዣ 8,000 ብር ሲጨመር 35,600 ብር ይሆናል። ከዚህ በታች የተቀበለ ሰው ከኪሱ እየሠራ ነው።

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚስቱት አንድ ነጥብ አለ። የመሣሪያው ዋጋ መሰላት ያለበት በተገዛበት ሳይሆን በሚተካበት ዋጋ ነው። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ካሜራ፣ ሌንስና ድሮን ከውጭ የሚመጡ ናቸው። በቀድሞው ዋጋ እርጅናውን ያሰላ ባለሙያ ትርፍ ያገኘ ይመስለዋል እንጂ ካሜራው ሲበላሽ ሌላ መግዣ አይኖረውም።

ጣሪያው ደግሞ እንደ ምስሉ ዓይነት ይለያያል። የአንድ ባንክ ቅርንጫፍ መስኮት ነገም ሊቀረጽ ስለሚችል ጣሪያው ዝቅ ያለ ነው። የቀላ ቡና ለቀማ ያመለጠው ላኪ ግን የሚቀጥለውን የምርት ወቅት መጠበቅ አለበት፤ ከዓመት መጠበቅ ይልቅ ከተቀረጸው መግዛት ይረክስለታል። በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት የፈረሱ የፒያሳ ቤቶችን ምስል የያዘ ባለሙያ ደግሞ ጣሪያ የለውም ማለት ይቻላል። ማንም ተመልሶ ሊቀርጻቸው አይችልምና። ነገር ግን ብርቅ መሆን ብቻ ዋጋ አይፈጥርም፤ ፈላጊም ያስፈልጋል።

አምስቱ ጥያቄዎች

በወለሉና በጣሪያው መካከል ዋጋውን የሚያንቀሳቅሱት አምስት ጥያቄዎች ናቸው።

አንደኛ፣ ለምን አገልግሎት? ለሠራተኞች ሥልጠና የሚውል ምስልና ዕቃ ለመሸጥ የሚውል ምስል እኩል አይከፈልባቸውም። ገዢው ከምስሉ የሚያገኘው ጥቅም ሲጨምር ክፍያውም ይጨምራል።

ሁለተኛ፣ የት? በድርጅቱ አዳራሽ፣ በድረ ገጹ፣ በቴሌቪዥን፣ በአደባባይ ሰሌዳ፣ በኢትዮጵያ ብቻ ወይስ በዓለም ሁሉ? ሥርጭቱ ሲሰፋ ዋጋው ይሰፋል።

ሦስተኛ፣ ለስንት ጊዜ? ማስታወቂያ ቶሎ ያረጃል። ለአንድ ዓመት ፈቅዶ በዕድሳት ማስከፈል ለሻጩ የማያቋርጥ ገቢ፣ ለገዢውም የማይጠቀምበትን ዘመን ላለመክፈል መላ ነው።

አራተኛ፣ ለብቻ ነው ወይስ ከሌሎች ጋር? ለብቻ የሚሰጥ ፈቃድ ዋጋው ሻጩ የሚያጣቸው ሌሎች ገዢዎች ናቸው። አንድ የቡና ለቀማ ቀረጻ ለአንድ ላኪ በ15 ሺህ ብር ይሸጣል እንበል። ሌሎች ሁለት ላኪዎችም ሊገዙት ይችላሉ፤ የመግዛታቸው ዕድል ግን ግማሽ በግማሽ ነው። ለብቻዬ ይሁን የሚል ገዢ ለራሱ 15 ሺህ፣ ለታገዱት ሁለት ገዢዎች ደግሞ የእያንዳንዳቸውን ግማሽ፣ በድምሩ 30 ሺህ ብር ቢጠየቅ ሒሳቡ ትክክል ነው።

አምስተኛ፣ ማን ጭምር? እህት ኩባንያ፣ የማስታወቂያ ድርጅት፣ ወኪል አከፋፋይ፣ የውጭ ሸሪክ ይጠቀሙበታል ወይ? ያልተጻፈ ሰው ያልተፈቀደለት ነው የሚል አንድ መስመር ብዙ ክርክር ያስቀራል።

እነዚህን ጥያቄዎች የመለሰ ባለሙያ አንድ ዋጋ ሳይሆን መሰላል ያቀርባል። ከላይ በተሰላው የ35,600 ብር ወለል ላይ፣ ለአንድ ዓመት ለውስጥና ለድረ ገጽ አገልግሎት 25 በመቶ ቢጨምር 44,500 ብር ይሆናል። ለአንድ ዓመት የቴሌቪዥን ማስታወቂያ መቶ በመቶ ቢጨምር 71,200 ብር ነው። መብቱን ሁሉ ለዘለቄታው ላስተላልፍ ቢል ደግሞ 250 በመቶ ጨምሮ 124,600 ብር ሊጠይቅ ይችላል። መቶኛው በድርድር የሚለወጥ ነው። የመሰላሉ ጥቅም ግን "ትንሽ ቀንስ" ለሚለው ገዢ መልስ መስጠቱ ነው። ዋጋ ሲቀነስ መብትም አብሮ ይቀነሳል፤ በነፃ የሚወርድ ነገር የለም።

ለገዢው ምን ይጠቅመዋል?

ይህ ሁሉ ለሻጩ ብቻ የሚያደላ የሚመስላቸው የድርጅት ኃላፊዎች ይኖራሉ። ነገሩ ግን እንዲያ አይደለም። "ሁሉንም ለዘለዓለም" የሚል ድርጅት፣ ለሦስት ወር ዘመቻ የሚፈልገውን ምስል በዘላለም ዋጋ ሊገዛ ይችላል። በጽሑፍ የወሰነ ግን የሚያስፈልገውን ያህል ብቻ ይከፍላል፤ የከፈለበትም ይጸናለታል።

ከዋጋው የሚበልጠው የገዢው ስጋት ደግሞ የሰነድ ጉዳይ ነው። መኪና ያለ ሊብሬ፣ ቤት ያለ ካርታ የሚገዛ ነጋዴ የለም። ቀረጻ ግን ያለ አንዳች ወረቀት ይገዛል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 27 የሰው ምስል ያለ ፈቃዱ ለሕዝብ እንዳይታይ፣ እንዳይባዛና እንዳይሸጥ ይከለክላል። የሚቀጥለው አንቀጽ ሰውየው በሕዝብ ዘንድ የታወቀ ወይም ባለሥልጣን ሲሆን፣ ወይም ምስሉ በአደባባይ ከተደረገ ነገር ጋር ሲያያዝ ልዩ ሁኔታ ያስቀምጣል። ሆኖም በገበያ መካከል ያለፈችን አንዲት እናት ፊት አጉልቶ የሳሙና ማስታወቂያ ላይ መለጠፍ ከዚህ ልዩ ሁኔታ ጋር አይገጥምም። ስለሆነም ገዢው የተቀረጹት ሰዎች የፈረሙበትን ስምምነት፣ በቪዲዮው ውስጥ ያለውን ሙዚቃ የመጠቀሚያ ፈቃድ፣ በድሮን የተቀረጸ ከሆነም የሚመለከተው የመንግሥት አካል የሰጠውን ፈቃድ መጠየቅ ይገባዋል።

በመካከል የሚገቡ ደላሎችና የማስታወቂያ ወኪሎችም ከዚህ ውጪ አይደሉም። የሌላውን ቀረጻ የሚያሻሽጥ ሰው ኮሚሽኑን ከመቁረጡ በፊት ሻጩ ባለመብት ለመሆኑ ማስረጃ መያዝ አለበት። በታዘዘ ሥራ ላይ ባለመብቱ ካሜራማኑ ሳይሆን የቀድሞው ደንበኛ ሊሆን እንደሚችል ከላይ ታይቷል። ያንን ቀረጻ ለሁለተኛ ደንበኛ ያቀረበ ደላላ የሰው ንብረት አሻሽጦ ይገኛል።

ቀብድ፣ ደረሰኝና ግብር

በአከፋፈል በኩል የንግዱ የቆየ ልማድ የሆነው ቀብድ ለቀረጻም ይሠራል። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1883 ቀብድ መስጠት ውሉ ለመደረጉ ማስረጃ ነው። ሰጪው ውሉን ካልፈጸመ ቀብዱ ይቀርበታል፤ ተቀባዩ ካልፈጸመ ደግሞ እጥፉን ይመልሳል። ስለዚህ የተሰጠው ገንዘብ ቀብድ ነው ወይስ የዋጋው ቅድሚያ ክፍያ የሚለው በውሉ ላይ በስሙ ቢጠራ ይሻላል። የበዓል ወቅት ቀኖቹን ለአንድ ድርጅት የዘጋ ካሜራማን ሥራው በመጨረሻው ሰዓት ሲሰረዝ የሚድነው በዚህ ነው።

ቀሪው ክፍያ እስኪገባ ድረስ በምስሉ ላይ ምልክት ያለበትን ናሙና ማሳየት፣ ጥራት ያለውን ቅጂ ደግሞ በክፍያው ቀን ማስረከብ ሁለቱንም ወገን ያረጋጋል። ፈቃዱ የሚጸናው ክፍያው ሲጠናቀቅ ነው የሚል ሐረግ ቢጨመርበት ደግሞ የዘገየ ክፍያ ራሱን ያፋጥናል።

የግብሩም ነገር ከዋጋው በፊት ይነገር። የተጠራው ዋጋ 15 በመቶ የተጨማሪ እሴት ታክስን ያካትታል ወይስ አያካትትም? ተቀናሽ ግብሩስ ታስቧል ወይ? በተጨማሪም የገቢ ግብር ሕጉ ከአገልግሎት የሚገኝን ገቢና ከመብት ኪራይ የሚገኘውን ሮያሊቲ ለየብቻ ያያቸዋል። የቀን ድካሙንና የፈቃዱን ክፍያ በደረሰኙ ላይ በሁለት መስመር መለየት ለድርድር ብቻ ሳይሆን ለሒሳብ ሹሙም ይጠቅማል።

አዲሱ ገዢ

ገበያው ደግሞ አዲስ ገዢ አግኝቷል። የሰው ሠራሽ አስተውሎት ኩባንያዎች ማሽኖቻቸውን ለማስተማር ያልታተመ ቀረጻ እየገዙ ነው። ብሉምበርግ እ.ኤ.አ. በጥር 2025 እንደዘገበው፣ ኩባንያዎቹ ለቪዲዮ ባለሙያዎች ጥቅም ላይ ላልዋለ ቀረጻ በደቂቃ ከ1 እስከ 4 ዶላር ይከፍሉ ነበር። በዚህ ሒሳብ መቶ ሰዓት ጥሬ ቀረጻ በመደርደሪያው ያለው ባለሙያ ከ6,000 እስከ 24,000 ዶላር የሚገመት ዕቃ ይዟል ማለት ነው፤ ገዢ ካገኘና መብቱ የራሱ ከሆነ።

ይህ ዜና በአዲስ አበባ የሃርድ ዲስኩን ጥያቄ ያከብደዋል። ጥሬውን ቀረጻ ያለ ገደብ የተረከበ ድርጅት ነገ ለሦስተኛ ወገን ሊሸጠው ይችላል። ካሜራማኑም የደንበኛውን የፋብሪካ ውስጥ ምስል ለማሽን ማስተማሪያ ብሎ ሊሸጥ ይችላል፤ ይህ ደግሞ የድርጅቱን የሥራ ምስጢር አደጋ ላይ ይጥላል። ሁለቱም ይህ አገልግሎት የተፈቀደ ነው ወይም የተከለከለ ነው ብለው በአንድ መስመር ቢጽፉ ከሁለት ወገን ጉዳት ይድናሉ።

ሁለት ገጽ የማይሞላ ወረቀት

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ውል ሁለት ገጽ አይሞላም። የተዋዋዮቹ ስም፣ ቀረጻው የታዘዘ ነው ወይስ ከመዝገብ የወጣ፣ ጥሬው ቀረጻ ይሰጣል ወይስ አይሰጥም፣ የአገልግሎቱ ዓይነት፣ ቦታው፣ ዘመኑ፣ የብቻነቱ ነገር፣ ሌላ ተጠቃሚ መኖር አለመኖሩ፣ የካሜራማኑ ስም ይጠቀሳል ወይ፣ የድካሙ ዋጋና የፈቃዱ ዋጋ ለየብቻ፣ ቀብዱ፣ የመክፈያው ቀን፣ ግብሩ፣ ክርክር ቢነሳ የሚታይበት ቦታ። ይህን ለመሙላት ከአንድ ሰዓት በላይ አይፈጅም።

በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል ይባላል። ቀረጻ ደግሞ በእርግጥም የሚወረስ ሀብት ነው፤ የዛፕሩደር ቤተሰብ የ16 ሚሊዮን ዶላሩን ካሳ ሲቀበል ባለፊልሙ ከሞተ ወደ ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ነበር። በአዲስ አበባ መደርደሪያዎች ላይ ያሉት ሃርድ ዲስኮች የማን ልጆች እንደሚወርሷቸው የሚወሰነው፣ ካሜራማኑና ድርጅቱ ገና ሥራው ሳይጀመር በሚፈርሙት ወረቀት ነው። ሳይፈርሙ የጀመሩ ግን ሥራው ካለቀ በኋላ የሚከራከሩት ስለ ዋጋ ሳይሆን ስለ ባለቤትነት ይሆናል፤ ይህኛው ክርክር ደግሞ ከዋጋው ይልቅ ይወደዳል።